እሳት ያየ ማር

ቦንጋ ውስጥ ቤታችንን ለማግኘት ብዙ መጠየቅ አያስፈልግም። ለባጃጅ ሹፌር «የሳሙና ቤት» ማለት ይበቃል። ስሙን ያወጡልን የሰፈር ልጆች ናቸው። እኔን ቅር አላለኝም፤ ባሌን ግን ትንሽ ይከፋዋል። ከአጥሩ በር ገባ እንዳሉ ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል ቆሟል፤ ከጎኑ ሳሙና በገመድ ተንጠልጥሏል፤ ከሳሙናው ቀጥሎ ደግሞ እኔ እቆማለሁ። በርሜሉንና ሳሙናውን ሰው ይችላቸዋል። የማልቻለው እኔ ነኝ።

«በጣቶችሽ መሃልም እሺው» እላለሁ። «አውራ ጣትሽን ረሳሽው። ቀለበቱንማ አውልቂው እንጂ።» በዕድሜ እናቴ የሚሆኑትን ሴት ሳይቀር ቆሜ አስታጥባለሁ። አስተማሪ ስለሆነች ነው የሚሉኝ አሉ። አይደለም። እንዲህ ያደረገኝ ሆስፒታል ነው።

ትንሿ ልጄ የታመመችው ትምህርት ቤት ልትገባ ዩኒፎርሟን ካሰፋንላት በኋላ ነው። ድዷ ይደማ ጀመር። ሳትወድቅ ሳትመታ ገላዋ ይበልዝ ነበር። መጀመሪያ የተቆጣሁት ትልቋን እህቷን ነው፤ የቆነጠጠቻት መስሎኝ። ከቦንጋ ጅማ፣ ከጅማ አዲስ አበባ ስንመላለስ ከርመን በመጨረሻ አንዲት ዶክተር አስቀምጣ አስረዳችኝ። የልጅቱ መቅኔ ደም መሥራት አቁሟል። የሚያድናት ከሌላ ሰው መቅኔ የተቀዳ፣ ደም የሚያበቅል ግንደ ሕዋስ ተተክሎላት እንደገና ሲያቆጠቁጥ ነው። የትልቋ መቅኔ ገጠመላት። የሚያውቀንም የማያውቀንም ተረባርቦ ወደ ሕንድ ላከን። ባሌ ሺሺንዳ ነው የሚያስተምረው፤ ትልቋ ከሰጠች በኋላ እሷን ይዞ ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔና ትንሿ እዚያው ቀረን።

አዲሱ ከመተከሉ በፊት አሮጌው መቅኔ በመድኃኒት ተጠርጎ ይጠፋል። ከዚያ አዲሱ እስኪበቅል ድረስ ልጅቱ ዘበኛ እንደሌለው ግቢ ናት፤ የፈለገ ይገባል። ስለዚህ በር ላይ በር ያለው ክፍል ውስጥ አስገቡን። ደረቷ ላይ ቀጭን ቱቦ ተተከለ፤ መድኃኒቱም ደሙም ምግቡም የሚገባው በዚያ ነው። አየሩ ሳይቀር እየተጣራ ይገባል አሉኝ። እኔም የዓለም በሽታ ሁሉ ከውጭ ቀረ ብዬ ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ሞኝነት!

አንድ ቀን ጠዋት ስነካት ትፋጃለች። እንደ ቅጠል ትንቀጠቀጣለች። ደሟን ወስደው መረመሩና የክፍሉ ሐኪም በአስተርጓሚ አስነገረኝ። ተህዋሱ ከቦንጋ ይዛው የመጣችው አይደለም፣ በምግብም አልገባም። የሆስፒታል ተህዋስ ነው። ሆስፒታል ውስጥ የሚኖር፣ መድኃኒት የለመደ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ። የገባውም በደረቷ ቱቦ ነው።

«የማን እጅ?» አልኩ።

አስተርጓሚው ይህን ለመተርጎም አፈረ። ሐኪሙ ግን ገባው። የአንድ ሰው እጅ ነው ማለት እንደማይቻል፣ ሁሉም እንደሚጠነቀቅ፣ ይህ በዓለም ሁሉ እንዲህ ባሉ ልጆች ላይ እንደሚደርስ ነገረኝ። ልትድን ከገባችበት ቤት ነው በሽታ የተሰጣት። ማንን ልክሰስ፣ በማን ላይ ልጩህ? እነዚሁ ሰዎች ናቸው ቀን ከሌሊት የሚለፉላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰው ፊት ማየት ተውኩ፤ እጅ ብቻ ነው የማየው። ነርሷ ታጥባ ስልኳን ከነካች «ሲስተር» እላታለሁ፤ ሌላ ቋንቋ የለኝማ። ትመለሳለች፣ ትታጠባለች። ከፊት ለፊታችን ባለው ክፍል ከሌላ አገር የመጣች እናት ነበረች፤ የታመመው ወንድ ልጇ ነው። በቃል አንግባባም። በመስታወቱ በኩል ግን ሁለት እጇን እያሻሸች በቅንድቧ ትጠይቀኛለች፤ «የገባው ሰው ታጥቧል?» ማለቷ ነው። እኔም ራሴን ነቅንቄ እመልስላታለሁ። በየክፍላችን ቆመን ዘብ ስንጠብቅ ሰነበትን። ልጇን ያው ተህዋስ ያዘው። አንድ ቀን ከሽንት ቤት ስመለስ አልጋው ተነስቶ ክፍሉ ይታጠባል። እናትየዋ ኮሪደሩ ላይ ለብቻዋ ቆማለች፤ ማንም ሳይጠይቃት ሁለት እጇን ታሻሻለች። አቀፍኳት። ምን እንዳልኳት አላስታውስም፤ ምንም ብል አይገባትም ነበር።

የእኔዋ ተረፈች። ቱቦው ወጣ፣ ሌላ ገባ፣ የእህቷ መቅኔ በቀለ፣ ወደ አገር ተመለስን። እኔ ግን እግሬ አላርፍ እንዳለ ቀረ። እስካሁንም ተቀምጬ ሻይ መጨረስ አልችልም።

ዶክተሯ፣ ማለት አዲስ አበባ የምትከታተላት የእኛዋ፣ ስትሸኘን መመሪያ ሰጠችኝ። አዲሱ መቅኔ ገና ሕፃን ነው፤ እስኪጎለምስ ሰው አይሳማት፣ ጉንፋን የያዘው አይቅረባት፣ ያልበሰለ አትብላ፣ ማር አትቅመስ።

«ማር?» አልኩ።

«በተለይ ማር» አለች።

ከፋ ውስጥ ይህን ለሰው ማስረዳት ይቻል እንደሆነ እስኪ ሞክሩት። እኛ ዘንድ የታመመን ሰው ባዶ እጅ አይጠይቁትም፤ ማር ደግሞ የእጅ መንሻዎች ሁሉ አለቃ ነው። ለእኛ የተረባረበ ሰው ልጅቱን ማየትና ማቀፍ መብቱ ነው። ሁሉም ማር ይዞ መጣ። በጆግ፣ በማሰሮ፣ በዘይት ጄሪካን። እኔ በር ላይ ቆሜ ማሩን እቀበላለሁ፣ ሰውየውን አልቀበልም። ጎረቤታችን እትዬ፣ ልጆቼ ሲወለዱ ያረሱኝ ሴት፣ ታጥበው፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ ልጅቱን በመስኮት ብቻ ካዩ በኋላ «እኔ ልጅ ለማየት መጣሁ፣ ሳሙና አይቼ ተመለስኩ» ብለው ለሰፈሩ አወሩ። እውነታቸውን ነው። ባሌ ቅዳሜ ከሺሺንዳ ሲመጣ ማሩን እየተሸከመ ለሌላ ሰው ያድላል።

የቀሩት አባቴ ነበሩ። አባቴ ጌሻ ውስጥ፣ ከደካ ከተማ በእግር ወጣ ብሎ ጫካው ዳር ነው የሚኖሩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀፎ ሰቅለዋል፤ እንደ እሳቸው ያለ ረጅም ዛፍ ላይ በገመድ የሚወጣ አልነበረም። ልጆቼም እንደ እኔ «አባባ» ነው የሚሏቸው። ማር በቆረጡ ቁጥር የመጀመሪያዋን ቁራጭ በእጃቸው ለሕፃን ያጎርሳሉ፤ እኔንም እንዲህ አጉርሰውኛል፣ ትልቋንም፣ ትንሿንም ጥርስ ሳታበቅል። ስለ ማር ደግሞ አንድ ሃይማኖት አላቸው፤ እሳት እንዳያየው። ነጋዴ ገበያ ላይ አሙቆ አቅልጦ የሚሸጠውን ሲያዩ ዘመድ እንደሞተበት ሰው ፊታቸውን ያዞራሉ። «ይሄማ አስከሬን ነው» ይላሉ።

«ለልጅቱ ያቆየሁት ነጭ ማር አለ፤ ይዤ ልምጣ» ብለው ደወሉ። ከአባቴ ጋር የምናወራው በካፊኖኖ ነው፤ የደካ ኔትወርክ ደግሞ በየትኛውም ቋንቋ አያስጨርስም። እየተቆራረጠ አስረዳኋቸው።

«አትበላም፣ አባባ። ጥሬ ነገር ክልክል ነው። ውሃዋ ፈልቶ፣ ወተቷ ፈልቶ፣ እንጀራዋ እንኳ ትኩስ ካልሆነ አትበላም። እሳት ያላየ ነገር አፏ አይገባም።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት፤ አልተቋረጠም።

«እሺ» አሉ በኋላ። «ገባኝ።»

በሳምንቱ መጡ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ዝናቡ ገና አባርቷል። የአጥሩን በር ከፍተው ገቡ፣ የያዙትን ባልዲ መሬት አስቀመጡ፣ እኔን ሳይስሙ በቀጥታ ወደ በርሜሉ ሄዱ። ሰው ነግሯቸዋል ማለት ነው። የሚታጠቡት ግን በግራ እጃቸው ብቻ ነው፤ ቀኝ እጃቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«እጅዎን ምን ሆኑ?»

«ትንሽ ነው። መጀመሪያ ይሄን እዪ።»

የባልዲውን ክዳን አነሱት። ውስጡ ጥቁር ነው። ወፍራም፣ ሬት የመሰለ፣ የተቃጠለ ሽታ ያለው ጥቁር ነገር።

«እሳት አሳየሁት» አሉ፤ ዓይኔን አላዩም። «መጀመሪያ ሲፈላ በቃ አልኩ። ኋላ ደግሞ፣ ቢጎድልስ አልኩ። የእሷ ነገር እንደ ሌላ ሰው አይደለም ብለሻል። እንደገና አፈላሁት። ገንፍሎ እጄ ላይ ፈሰሰ እንጂ ደህና አድርጌ ነው ያበሰልኩት።»

አባቴ ናቸው እንግዲህ እንዲህ የሚሉኝ። ማር ባለበት ቤት እሳት ያነደደን ሰው የሚቆጡት አባቴ። ያን ነጭ ማር፣ ለእሷ ብለው ያቆዩትን፣ ራሳቸው ድስት ላይ ጥደው ራሳቸው ገደሉት። ሁሉን ትቼ ባቅፋቸው ወደድኩ፤ ዓይኔ ግን ከጨርቁ አልነቀል አለ። ጨርቁ እርጥብ ነው፤ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል። ቁስሉ አመርቅዟል። ቤት ውስጥ ዘበኛዋ ገና ሕፃን የሆነ ልጅ አለችኝ፣ በር ላይ የአባቴ እጅ አለ።

ወደ ጓሮ ዞሬ ለዶክተሯ ደወልኩ።

«ቢፈላም አይሆንም» አለች። «ማር ውስጥ ድስት የማይገድለው ነገር ይኖራል። እጃቸው የቆሰለውን ሰው ደግሞ እባክሽን አታስጠጊ። በመስኮትም ቢሆን ከሩቅ።»

ተመልሼ መጣሁ። ምን ልበላቸው? ዋሽቼ «እሰጣታለሁ» ማለት እችል ነበር። አባቴ ግን ሲበላ ቆመው ማየት ነው የሚፈልጉት፤ ለዚያ ነው ከጌሻ የመጡት።

«ዛሬ አትበላም፣ አባባ» አልኳቸው። «ዶክተሯ ጠብቂ ብላለች። አስቀምጥላታለሁ።»

ባልዲውን ከደኑት። «ታድያ እንዲያው ላያት አልችልም?» አሉ። ብቻ ይህን አሉ።

በመስኮት አሳየኋቸው፤ ከግቢው መሃል ሆነው። እሷ ከውስጥ እየዘለለች ትጣራለች። ፀጉሯ ገና ቡቃያ ነበር። እጃቸውን ሊያውለበልቡ ቀኙን አነሱና ጨርቁን አይተው አወረዱት፤ ግራውን አነሱ።

ወዲያው በባጃጅ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ቁስሉን የምታጥበዋ ወጣት ነርስ ታጥባ፣ ጓንቷን አድርጋ፣ ወንበሩን ወደ ራሷ ሳበች።

«ወንበሩን ነካሽ» አልኳት።

«እህቴ፣ አሁን እኮ ነው የታጠብኩት።»

«አይቻለሁ። ከዚያ ወንበሩን ነካሽ።»

ጓንቷን ቀየረች፤ አንገቷን ብትነቀንቅም ቀየረች። አባቴ እኔን ትክ ብለው ያዩኛል። «እዚያም እንዲህ ነበርሽ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «ጥሩ» አሉ። ነርሷ ቁስሉ እስኪድን በየሁለት ቀኑ እየመጡ እንዲያሳዩ፣ ጣታቸውንም እያንቀሳቀሱ እንዲያሠሩት ነገረቻቸው። ለዚያ ጊዜ እትዬ ቤት እንዲያርፉ ተስማማን። እትዬም እንግዳውን በደስታ ተቀበሏቸው። «የእኔ ቤት ሳሙና የለውም» ብለው ግን አልቀሩም።

በማግስቱ ትንሿን አተኮሳት።

እንዲህ ያለ ልጅ ሲያተኩሰው ቤት አይቀመጥም፤ ሕጉ ይህ ነው። ትኩሳት ካለ ወዲያው ሆስፒታል። ሆስፒታል ደግሞ ያ ተህዋስ የሚኖርበት ቤት ነው። ልጄን ላድን ብዬ ልጄን ወደ ሌባው ቤት ይዤ መሄዴ ነው። ቦንጋ መድኃኒት በደም ሥሯ ተሰጥቷት ወደ አዲስ አበባ ገሰገስን። መኪና ውስጥ ግንባሯን ስነካ፣ እጄን ስታጠብ፣ ደግሞ ስነካ፣ ሹፌሩ በመስተዋት አይቶኝ ራሱን ይነቀንቃል። አዲስ አበባ የእያንዳንዱን ሰው እጅ እየተከተልኩ አልጋው ዙሪያ ስዞር፣ «እባክሽ ተቀመጪ፣ እኛንም አዞርሽን» አሉኝ። አልተቀመጥኩም።

ጉንፋን ነበር። ትልቋ ከትምህርት ቤት ያመጣችው ተራ ጉንፋን። አልፎላት ተመለስን።

አባቴ ግን ቦንጋ አልጠበቁንም። ልጅቱን አተኮሳት ሲባል ያመጣሁባት እኔ ነኝ፣ እጄ ነው ብለው ለራሳቸው ፈረዱ። ከእትዬ ቤት በዚያው ማለዳ ተነስተው በመኪና ወደ ደካ ሄዱ። ማንም ምንም አላላቸውም። ባሌ ደውሎ ጉንፋን መሆኑን ቢነግራቸው አላመኑም፤ እኔም ብደውል «ልታጽናኚኝ ነው» አሉ። ቁስሉን ያሳዩ ብዬ ብለምን፣ ብቆጣ፣ ብምል ወደ ቦንጋ ዝር አላሉም። ቁስሉ እንደ ምንም ዳነ። ሲድን ግን ቆዳው ተሰብስቦ ጣታቸውን ወደ ውስጥ አጥፎ አስቀረው።

ጥቁሩን ማር በብርጭቆ ዕቃ ገልብጬ ሳሎን መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሌላውን ማር ሁሉ ለሰው አድለናል፤ እሱን መስጠት አልቻልኩም። ትንሿ ስትጫወት ታየዋለች። «አባባ ያበሰሉት» አልናት፣ «ስትድኚ የምትበዪው።» ስታድግ እያየችው አደገች።

ባለፈው ዓመት ዶክተሯ ውጤቱን ደጋግማ አይታ ፈገግ አለች። አሁን እንደ ልጆች ሁሉ መሆን ትችላለች፣ አለች።

«ማርም?» አልኩ።

«ማርም።»

ከበሩ ሳልወጣ ለአባቴ ደወልኩ።

«ማሩማ አለ» አሉ። «ለእሷ ብዬ ያልነካሁት ቀፎ አለ። የምወጣበት እጅ ነው የሌለኝ።»

ሌላ ሰው ወጥቶ አወረደላቸው። ነጩን ማር ከነሰፈፉ በቅጠል ጠቅልለው፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ቦንጋ መጡ። ልጅቱ ቁመቷ ደረታቸው ደርሷል። አቀፏት፤ እኔም ቆሜ አየሁ። ሁላችንም ተሰበሰብን። ባሌ አለ፣ ትልቋ አለች፣ እትዬም ሳይጠሩ መጥተዋል። አባቴ ቅጠሉን ፈቱት። ያ ሽታ ቤቱን ሞላው። በግራ እጃቸው ቁራጭ ቆርጠው ወደ አፏ አቀረቡ።

ትንሿ አፏን ገጥማ አየችው።

«እሳት አይቷል?» አለች።

«አላየም» አሉ አባቴ። እንዴት ባለ ኩራት እንዳሉት!

«እኔ እሳት ያላየ አልበላም።»

«ተፈቅዶልሻል እኮ» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ከእኔ የሰማችው ይህንኑ ብቻ ነው፤ አሁን ማን ያስጥላት። ብድግ ብላ ወደ መደርደሪያው አመለከተች። «ያንን ነው የምበላው። አባባ ያበሰሉትን።»

አባቴ ነጩን ማር ቅጠሉ ላይ መለሱት። የብርጭቆውን ዕቃ ከመደርደሪያው አወረድኩላቸው። ጥቁሩ ደርቋል፤ ማንኪያ አልገባ አለው። አባቴ ዕቃውን በግራ እጃቸው ወደ ራሳቸው ሳቡና፣ የታጠፈውን የቀኝ ጣታቸውን እንደ ሜንጦ ሊሰዱበት ቃጡ።

«አባባ፣ እጅዎን ታጥበዋል?»

ተነሱ። ወደ በርሜሉ ወጡ፤ ተከትዬ ወጣሁ። በሳሙናው አሹ። የማይዘረጉትን ጣቶች በግራ እጃቸው አንድ በአንድ እየፈለቀቁ መሃል ለመሃል አጠቡ። አውራ ጣታቸውንም አልረሱም። እኔ እንደ ወትሮዬ ከሳሙናው አጠገብ ቆሜያለሁ። አፌ ምንም አላለም።

ተመልሰው ተቀመጡ። ጥቁሩን በታጠፈው ጣታቸው ቆፍረው አወጡና ዘረጉላት።

አፏን ከፈተች።